የቀረበውን ሁሉ የመጨረስ ልማድና መፍትሔው

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ሰው ከወላጆቹ ከተማራቸው ልማዶች መካከል፣ ጥሩ መሆናቸውን አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሮ የማያውቃቸው አሉ። ከእነዚህም አንዱ የቀረበለትን ምግብ እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ ድረስ አሟጦ መብላት ነው። ሆዱ ሞልቶ፣ ቀበቶው ጠብቦ፣ ትንፋሹ አጥሮ ሳለ እንኳ በሳሕኑ ላይ የቀረችውን ቁራሽ እንጀራ ትቶ መነሣት እንደ ኃጢአት የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ልጅ ሳለ «እህል አይጣልም»፣ «የሚበላው ያጣ አለ» ሲባል ሰምቷል። መሬት ላይ የወደቀ እንጀራ ተነሥቶ ሲሳም አይቷል። ስለዚህ አድጎ፣ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ምግቡን በገዛ ገንዘቡ መግዛት ከጀመረ በኋላም ሳሕኑ ባዶ ካልሆነ እጁን አይታጠብም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰው እህልን እንዲንቅ ለመምከር አይደለም። እህልን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ነገር ነውና ሊጠበቅ ይገባዋል። ነገር ግን ይህ ክብር የሚጠበቀው ሆድን ከልኩ በላይ በመሙላት ነው ወይስ በሌላ መንገድ? ጥያቄው ይህ ነው። ነገሩን በጥሞና ስንመረምረው፣ የቀረበውን ሁሉ መጨረስ አሮጌ ባህላችን የሚመስለን በስሕተት መሆኑን፣ እንዲያውም የቀድሞው የገበታ ሥርዓታችን ማስተረፍን ያስተምር እንደ ነበር እንረዳለን።

ጉዳዩን በቅርብ ለመመልከት ከከተማችን ሰፈሮች ቄራን እንውሰድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከተማው የከብት ማረጃ ነው። ማረጃውን ሲያስተዳድር የኖረው ድርጅት የተቋቋመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ሲሆን፣ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶችም በዙሪያው በርክተው ሰፈሩ ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሰው የታወቀ ስፍራ ሆነ። አሁን አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ በተቀበለ ማግስት ሁለት ባልደረቦቹን አስከትሎ ወደ አንዱ ሥጋ ቤት ገባ እንበል። ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆሞ ከሽንጡ፣ ከዳቢቱ፣ ከሻኛው እያሳየ ያስቈርጣል። ለሦስት ሰው አንድ ኪሎ ያዘዘ እንደ ሆነ ንፉግ እንዳይባል ይፈራል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ተኩል ያዛል፣ በዚያም ላይ ጥብስ ይጨምራል። ሥጋው በሚዛን ተለክቶ፣ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር፣ በእንጀራ ታጅቦ ይቀርባል።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን ሚዛኑ የለካው ምን እንደ ሆነ ነው። ሚዛን የሥጋውን ክብደት እንጂ የሰዎቹን ረኀብ አያውቅም። አዛዡም ቢሆን መጠኑን የወሰነው ሆዱን ጠይቆ ሳይሆን ክብሩን ጠይቆ ነው። ከግማሹ በኋላ ሦስቱም ጠግበዋል። ሆኖም «የተከፈለበት ነውና አይተርፍም» ይባላል፤ ቢላዋው እንደ ገና ይሳላል፤ አንዱ ሌላውን «በሞቴ!» እያለ ያጐርሳል። ከዚያ በኋላ የሚበላው ሥጋ በማንም ዘንድ ደስታ አይሰጥም። ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ሲመለሱም ፋይሉ በፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ ዐይናቸው ይከደናል።

«የተከፈለበት ነው» የሚለው ምክንያት ለብዙዎቻችን የማይፈታ መስሎ ስለሚታየን ጥቂት እንመርምረው። ገንዘቡ ከኪስ የወጣው ሥጋው በሚዛን ላይ በወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ቢበላውም ባይበላውም ገንዘቡ አይመለስም። ከጥጋቡ በላይ ሲበላ ግን በጠፋው ገንዘብ ላይ ጤንነቱን ይጨምርበታል። የተከፈለበትን ነገር ላለማባከን የሚቻለው ከመከፈሉ በፊት ነውና፣ ብልህ ሰው ቁጠባውን የሚያሳየው በማዕዱ መጨረሻ ሳይሆን በትእዛዙ መጀመሪያ ነው።

በዓመት ውስጥ ይህ ልማድ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታይበት ወራት የቅበላ ሰሞን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሚቆይ፣ ሥጋውም ቅቤውም ወተቱም ለነገ አይተርፍም ተብሎ በዋዜማው ሁሉ ነገር አብሮ ይበላል። ሰዉም የሚናፍቀውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማጠናቀቅ ይጣደፋል። ይሁን እንጂ ሰውነታችን እንደ ጎተራ አይደለም፤ ለ55 ቀን የሚሆን ሥጋ ተቀብሎ በየቀኑ እየሰፈረ አያወጣም። ከሚያስፈልገው በላይ የገባለትን ወደ ስብ ለውጦ ያስቀምጣል እንጂ ጥጋቡን ለሚቀጥለው ሳምንት አያቆይም። በቅበላ ቀን ሁለት እጥፍ የበላ ሰው በማግስቱ እኩለ ቀን እንደ ማንኛውም ጿሚ ይራባል።

ለመሆኑ ይህ ልማድ ከወዴት መጣ? ሥሩ ሁለት ይመስላል።

የመጀመሪያው ሥር የረኀብ ትዝታ ነው። አገራችን ረኀብን በወሬ ብቻ የምታውቅ አገር አይደለችም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውና ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሰየመው ዘመን፣ በከብት እልቂት፣ በድርቅና በአንበጣ መንጋ ምክንያት የመጣ ነበር። የከብት ደስታ የተባለው በሽታ በሬውን ስለ ፈጀ ገበሬው የሚያርስበት አጣ። ከዚያም ወዲህ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ፣ ቀጥሎም የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከአእምሮ የማይጠፋ ሐዘን ጥለው አልፈዋል። እንዲህ ካለው ዘመን የተረፈ አያት ለልጅ ልጁ «ጨርስ፣ ነገ ይኖር እንደ ሆነ ማን ያውቃል?» ቢለው እውነት አለው። ምግብ ሲገኝ መብላት፣ በተገኘው ልክም መብላት በክፉ ቀን ሕይወትን የሚያድን ጥበብ ነበርና።

ረኀብ በሰው ጠባይ ላይ የሚተወውን ምልክት ሳይንስም መርምሮታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉ ሊቅ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል በጥቂት ምግብ እንዲቆዩ አደረጉ። ዓላማውም በጦርነት የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ ማቋቋም እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። እነዚያ ጤነኞችና የተማሩ ወጣቶች ጥቂት ወራት ሳይቈዩ ከምግብ በቀር ሌላ የማያስቡ ሆኑ፤ ሳሕናቸውንም እስከ መላስ ደረሱ። ምግብ እንደ ልብ ከተፈቀደላቸው በኋላም አንዳንዶቹ ብዙ እየበሉ መጥገብ ተስኗቸው ሰንብተዋል። ከዚህ የምንረዳው ሳሕንን አሟጦ መጨረስ የስስት ጠባይ ሳይሆን የረኀብ ጠባሳ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን አያቱ የተራበበትን ጠባሳ፣ ራሱ ተርቦ የማያውቅ የልጅ ልጅ በደመወዙ ቀን ቄራ ይዞት ሲሄድ ጥበቡ ይቀርና ልማዱ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው ሥር ሳሕኑ ራሱ ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ቀድሞው ገበታ መመለስ ያስፈልጋል። በመሶብ ዙሪያ ለተቀመጠ ሰው «የኔ ሳሕን» የሚባል ነገር አልነበረውም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተነገረው በዚሁ ገበታ ላይ ነው። ሁሉም ከፊት ለፊቱ ይቈርሳል፤ ወደ ሌላው ወገን እጅ መዘርጋት ነውር ነው። ከሁሉም በላይ ግን እንጀራው እስኪያልቅ ድረስ መቀመጥ ነውር ነበር። ምክንያቱም ገበታው ብዙ ተራ ስለ ነበረው ነው። አስቀድሞ እንግዶችና ታላላቆች ይቀርባሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የቤቱ ሰዎች፣ ከእነዚያም ቀጥሎ ልጆችና አገልጋዮች ይበላሉ፤ በመጨረሻም ከደጅ ለቆመው የኔ ቢጤ ይደርሰዋል። በነገሥታቱ ግብር ቤትም ሕዝቡ እንደየማዕረጉ በተራ እየገባ ይበላ ነበር። ስለዚህ ጨዋ ሰው ጥቂት ሲቀረው «ጠግቤአለሁ፣ ተመስገን» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ከርሱ በኋላ የሚበላ እንዳለ ያውቃልና፣ ማስተረፉ የምግብ ንቀት ሳይሆን የሰው አክብሮት ነበር።

ይህ ሥርዓት እንከን አልነበረውም ማለታችን አይደለም። ሴቶችና ልጆች ከትልልቆቹ ትራፊ እንዲበሉ መደረጋቸው ትክክል አልነበረምና ዛሬ ሊመለስ የሚገባው ነገር አይደለም። ሆኖም አንድ ታላቅ ቁም ነገር ነበረው፤ የተረፈው ምግብ መንገድ ነበረው። ትራፊ ከመሶቡ ወደ ሌላ ሰው፣ የተረፈ እንጀራ ወደ ፍርፍር፣ ከዚያም ያለፈው በፀሓይ ደርቆ ወደ ድርቆሽ፣ ሥጋውም ተዘልዝሎ ወደ ቋንጣ ይሄድ ነበር። ቅርጫ የተባለው ልማድም ይኸው ነው፤ አንድ በሬ ለአንድ ቤት ስለሚበዛ ጎረቤት ተሰብስቦ ይካፈለዋል እንጂ አንዱ ቤት ሙሉውን ለመጨረስ አይታገልም።

ከተማው ሲሰፋ፣ ሠራተኛው ምሳውን በምግብ ቤት መብላት ሲጀምር፣ መሶቡ ለየብቻ በሚቀርብ ሳሕን ተተካ። ሳሕን ግን ተራ የለውም፤ ከእርስዎ በኋላ የሚቀርብለት ሰው የለም። በሳሕኑ ላይ የተረፈው ወደ ቆሻሻ መጣያ መሄዱን ስለምናውቅ «እህል አይጣልም» የሚለው የቆየ ትእዛዝ በአዲሱ ሳሕን ላይ ሲሠራ ትርጕሙ ተለወጠ። ቀድሞ «ለሌላው አስተርፍ» ይል የነበረው አሁን «ራስህ ጨርሰው» የሚል ሆነ። ብዙዎቻችን የአባቶች ባህል የሚመስለን ይህ ልማድ፣ በዚህ መልኩ ከሳሕንና ከምግብ ቤት ጋር የመጣ የከተማ ልማድ ነው።

የሃይማኖት ትምህርትም ቢሆን ይህን የሚያጸና ነው። በወንጌል አምስት ሺህ ሰው በበረሓ በተመገበበት ጊዜ ሕዝቡ የተረፈውን ጨርሶ እንዲበላ አልታዘዘም፤ ከጠገበ በኋላ ቁርስራሹ ተሰብስቦ 12 መሶብ ሞላ። እስላሞች ወገኖቻችንም የሆድ አንዱ ሢሶ ለምግብ፣ አንዱ ሢሶ ለመጠጥ፣ አንዱ ሢሶ ለትንፋሽ እንዲሆን የሚመክር የነቢያቸው ትምህርት አላቸው። በሁለቱም ዘንድ ጥጋብ የሚለካው በሰውዬው ነው፤ በዕቃው ባዶ መሆን አይደለም።

በሌላውም ዓለም መንግሥታት ሳሕን ባዶ እንዲሆን ሲያውጁ የነበሩበት ጊዜ አለ። አሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ፣ በኸርበርት ሁቨር የሚመራው የምግብ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ከሳሕኑ ምንም እንዳያስተርፍ ቀስቅሷል። በ1947ም፣ በጦርነት የተጎዳችውን አውሮፓ ለመርዳት ሲባል፣ በተማሪ ቤቶች «ባዶ ሳሕን» የሚል የልጆች ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ቻይናም በ2013 ተመሳሳይ ዘመቻ ከተደረገባት በኋላ በ2021 የምግብ ብክነትን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ነገር ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ምግብ ቤቶች ደንበኛው ከመጠን በላይ እንዳያዝ የማሳሰብ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ሕግ አውጪዎቹ የብክነት መነሻ የተረፈው ጉርሻ ሳይሆን የበዛው ትእዛዝ መሆኑን ተረድተዋል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሰውነታችን ጥጋብን እንዴት እንደሚያውቅ እንመልከት። ምግብ ወደ ጨጓራ ሲገባ ጨጓራው ይለጠጣል፤ ይህንንም መለጠጥ ነርቮች ወደ አንጎል ያስተላልፋሉ። ምግቡ ወደ አንጀት ሲወርድም ከአንጀት የሚመነጩ ሆርሞኖች በደም በኩል «በቃ» የሚለውን መልእክት ያደርሳሉ። ይሁን እንጂ ይህ መልእክት ወዲያው አይደርስም፤ ሙሉ በሙሉ እስኪሰማ 20 ደቂቃ ያህል ሊወስድ ይችላል። ከቢሮ ወጥቶ ምሳውን በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚያጠናቅቅ ሰው፣ ጥጋቡ ሳይነገረው ሳሕኑን ጨርሶ ይነሣል። መልእክቱ ሲደርሰው እርሱ ሒሳብ ከፍሎ መንገድ ላይ ነው።

ከዚህም ሌላ ዐይናችን ከሆዳችን ቀድሞ ይፈርዳል። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ጥናት 51 ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ቀን ልዩ ልዩ መጠን ያለው በአይብ የተሠራ መኮሮኒ ቀረበላቸው። ትንሹ 500 ግራም፣ ትልቁ 1000 ግራም ነበር። ተመጋቢዎቹ ትልቁ በቀረበላቸው ቀን ከትንሹ ቀን ይልቅ ከመቶ 30 ያህል ብልጫ ያለው ጉልበት ሰጪ ምግብ በልተዋል። በዚያ ቀን ይበልጥ ስለ ተራቡ አይደለም፤ ብዙ ስለ ቀረበላቸው ነው። እንግዲህ ለሥጋ ቤቱ ሚዛን የምንነግረው ቍጥር የምንበላውን መጠን አስቀድሞ የሚወስን መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ልማዱ ሥር የሚሰድደው ደግሞ በልጅነት ነው። በ1987 ሊያን በርች የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ትንንሽ ልጆችን በሁለት ወገን ከፍለው ተመለከቱ። አንደኛው ወገን ሆዱን እንዲያዳምጥ፣ መራቡንና መጥገቡን እንዲያስተውል ተማረ። ሁለተኛው ወገን ሳሕኑን እንዲመለከት፣ ስለ መጨረሱም እንዲሸለም ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች አስቀድመው ከባድ ምግብ ሲቀምሱ በኋላ የሚበሉትን ራሳቸው ይቀንሱ ነበር። ሁለተኛዎቹ ግን ይህን ማድረግ አቃታቸው። ልጁ ሳሕኑን ማድመጥ ሲማር ሆዱን ማድመጥ ይረሳል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? አገራችን ዛሬም የሚራብ ወገን ያለባት ስትሆን፣ በከተማ ደግሞ ከመጠን በላይ በመብላት የሚመጣ በሽታ እየተስፋፋባት ነው። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደ ታየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 8 ደርሰዋል፤ በከተማም ቍጥሩ ከገጠሩ እጅግ ይበልጣል። በ2007 ዓ.ም. በተደረገ ሌላ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከልክ ያለፈ ክብደት ለደም ግፊት፣ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ለልብ ሕመም በር ከፋች ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚውል የቢሮ ሠራተኛ አደጋው የበለጠ ነው። አባቱ ያንኑ ያህል ቢበላ በእርሻና በእግር ጉዞ ያጠፋው ነበር፤ ልጁ ግን ከታክሲ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ታክሲ ነው።

«ብተወው ይጣላል፤ ታዲያ ከሚጣል ብበላው አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። ከጥጋብ በላይ የተበላ ምግብ ከብክነት አልዳነም፤ የተጣለበት ስፍራ ብቻ ተለወጠ። ለተራበው ሰው አልደረሰም፣ ለበላውም አልጠቀመም፤ በዚያም ላይ በሽታ አስከተለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደ ገለጸው በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ይህም ለተጠቃሚው ከቀረበው ምግብ ከመቶ 19 መሆኑ ነው። ይህን ታላቅ ጥፋት የሰው ሆድ ሊያድነው አይችልም። የሚያድነው በልክ መግዛት፣ በልክ መሥራትና በልክ ማዘዝ ነው።

እንግዲህ ልማዱን ለማሸነፍ የሚረዱ ጥቂት ምክሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በጥቂቱ ጀምሮ መጨመር። በሥጋ ቤት ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ከማዘዝ ሩብ ኪሎ ማስመዘንና ካላጠገበ መድገም ይቻላል። ሥጋ ቤቱ አይሸሽም፤ ሚዛኑም ሁለት ጊዜ ቢመዝን አይሰለችም። በቤትም እንዲሁ ነው፤ ወጡን በእንጀራው ላይ በጭልፋ አብዝቶ ከማፍሰስ ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይሻላል። በድስት ውስጥ የቀረ ወጥ ለማታ ይሆናል፤ በሳሕን ላይ ተነካክቶ የቀረው ግን ለማንም አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በመካከል ማረፍ። ግማሹ ሲበላ እጅን ሰብስቦ ውኃ መጠጣት፣ ከጓደኛ ጋር መጫወት፣ ከዚያም «አሁን ይህ ምግብ ገና ቢቀርብልኝ እበላው ነበርን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። መልሱ «አልበላም» ከሆነ ሆድ ፈርዷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ጉርሻ ሆን ብሎ ማስተረፍ። ለብዙ ዓመት ሳሕን ሲጠርግ የኖረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይጨነቅ ይሆናል። ሆኖም ይህን ጥቂት ቀን ቢለማመደው መብላትን የሚያቆመው ሳሕኑ ሳይሆን እርሱ ራሱ መሆኑን ያያል። ይህ ልምምድ ነው እንጂ ለዘለዓለም የሚጸና ደንብ አይደለም። በልክ ማቅረብን የለመደ ሰው የሚያስተርፈው ነገር አይኖረውም።

አራተኛ፣ ለተረፈው መንገድ ማበጀት። በቄራ ሥጋ ቤቶች ከቁርጡ የተረፈውን መልሶ ማስጠበስ የተለመደ ነው፤ ከተጠበሰ በኋላ አስጠቅልሎ ወደ ቤት መውሰድ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጥሬውን ሥጋ በእጅ ተነካክቶ ሲውል ማቆየት ግን ለጤና አደገኛ ነው። የበሰለውም ቢሆን ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት ሳይቆይ ወደ ማቀዝቀዣ መግባት ይኖርበታል። እንጀራው ለፍርፍር ወይም ለድርቆሽ ይሆናል። ያልተነካ ንጹሕ ምግብ ከሆነም ለሚያስፈልገው ሰው በክብር ማቅረብ እንጂ ሲበላሽ ጠብቆ መስጠት አይገባም።

አምስተኛ፣ የጋባዥንና የተጋባዥን ጠባይ ማረም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላልና እንግዳ ሁለተኛውን ይቀበል፤ ከዚያ በኋላ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤአለሁ» ሲል ጋባዥ ቃሉን ሊያምነው ይገባል። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያሉ መማፀን ፍቅርን ለመግለጥ ቢሆንም፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበትን እንግዳ ከሐኪሙ ትእዛዝና ከጋባዡ ፍቅር መካከል ያስጨንቀዋል። እውነተኛ ጋባዥ እንግዳው በበላው ብዛት ሳይሆን በደስታ በመነሣቱ ይረካል።

ስድስተኛ፣ ልጆችን አለማስገደድ። ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ ወላጅ ይወስን፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን የልጁ ሆድ ይወስን። ለልጅ በትልቅ ሳሕን አብዝቶ አቅርቦ «ካልጨረስህ አትነሣም» ከማለት፣ በትንሹ አቅርቦ «ይጨመርልህ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ አስተዳደግ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ምክር ለሁሉ ሰው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ከመቶ 37ቱ ዕድገታቸው የቀነጨረ ሆኖ ተገኝቷል። ታሞ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ክብደቱ ከሚገባው በታች የሆነ ሰው፣ ከበሽታ የሚያገግም ሕመምተኛ እንዲበሉ ሊበረታቱ እንጂ «አስተርፉ» ሊባሉ አይገባም። ቀኑን ሙሉ ሲሸከምና ሲቈፍር የዋለ የጉልበት ሠራተኛም ሳሕኑን ቢጨርስ ሆዱ የጠየቀውን ነው የበላው። ማስተረፍ የሚነገረው ለተረፈው ሰው ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በዚህ ከተማ ውስጥ በአንደኛው ማዕድ ጥጋብ አላስተኛ ሲል በሌላው ቤት ረኀብ አላስተኛ ይላል። የመጀመሪያው ሰው ሳሕኑን በመጨረሱ ሁለተኛው አይጠግብም። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው አንድ ኪሎ ተኩሉን አንድ ኪሎ ቢያደርገው፣ ያተረፈው ገንዘብ በኪሱ፣ ጤንነቱም በሰውነቱ ይቀራል፤ ከዚያም ለሌላው የሚያካፍለው ነገር ይኖረዋል። የአባቶቻችን ገበታ ይህን ያውቅ ነበር። መሶቡ ከቤታችን ቢቀር እንኳ «ከኔ በኋላ የሚበላ አለ» የሚለው አሳብ ሊቀር አይገባም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በቄራም ሆነ በካዛንችስ፣ በቤትም ሆነ በግብዣ ከገበታ ስንቀርብ፣ ከማዘዛችን በፊት ሆዳችንን እንጠይቅ፤ ስንጠግብም ያለ እፍረት እጃችንን እንሰብስብ።